የኢራኗ ልጅና የሐበሻ ቤት ዝምታ

በሪቨርዴል ፓርክ የሚኖሩ ጥቂት ኢትዮጵያውያንን ሰሞኑን አንድ የካርቱን ፊልም ሲያነጋግራቸው ሰንብቷል። ካርቱን ሲባል ቅዳሜ ጧት ልጆች ቁርሳቸውን እየበሉ የሚያዩት ዓይነት አይደለም። «ፐርሰፖሊስ» ይባላል። ማርጃን ሳትራፒ የተባለች ኢራናዊት በቴህራን ያሳለፈችውን የልጅነት ዘመን በመጀመሪያ በሥዕል መጽሐፍ አወጣችው፤ ቀጥላም ቪንሰንት ፓሮኖ ከተባለ ፈረንሳዊ ጋር ሆና ወደ ፊልም ለወጠችው። መጽሐፉ በፈረንሳይኛ እ.ኤ.አ. ከ2000 እስከ 2003 በአራት ክፍል ታተመ። ፊልሙ በ2007 በካን ፌስቲቫል የዳኞች ሽልማት አገኘ፤ በዓመቱም ለኦስካር ታጨ። ኦስካሩን ግን ወጥ የሚሠራው አይጥ ወሰደው፤ አሜሪካ ነውና አይገርምም።

ፊልሙን ወደ ቤት ያመጣችው በሜሪላንድ ዩኒቨርስቲ የምትማር ልጅ ናት። ከሪቨርዴል ፓርክ እስከ ኮሌጅ ፓርክ በባልቲሞር አቬኑ ሽቅብ ጥቂት ደቂቃ መንገድ ነው፤ ልጅቷም ከቤቷ እየተመላለሰች ነው የምትማረው። አስተማሪዋ ፊልሙን አይታችሁ የተሰማችሁን ጻፉ የሚል ሥራ ሰጥቷት ነበር። እናትየው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቡና እስኪፈላ እዚሁ ሁላችንም እንየው አሉ። የባለቤታቸው እህት ነበሩ፤ ከታች ፎቅ የሚኖሩ፣ ብዙ ዘመን ታክሲ ነድተው አሁን ያረፉ አንድ ጎረቤትም ቡናው ሸቷቸው ብቅ አሉ። እነዚህ ሰዎች ስማቸው እንዳይጠቀስ ጠይቀዋልና አይጠቀስም። ታሪካቸው እንዲወጣ ግን ፈቅደዋል።

ጎረቤትየው መጀመሪያ «ካርቱን ለማየት ነው እንዴ የጠራችሁኝ?» ብለው ሊነሡ ነበር። ፊልሙ አብዛኛው ጥቁርና ነጭ ነው፤ ሰዎቹም በጥቂት መስመር የተሳሉ ናቸው። የባልየው እህት ግን ወዲያው አንድ ነገር አስተዋሉ። በፊልሙ ውስጥ ልጅቷን መንገድ ላይ አስቁመው ስለ ልብሷ የሚያፋጥጧት ሁለት ጥቁር ለባሽ ሴቶች እንደ እባብ እየተጥመለመሉ ነው የሚታዩት። «የእኛም ቤተ ክርስቲያን ሥዕል እንዲሁ አይደለም? ጻድቁ ፊቱን ሙሉ፣ ሁለት ዓይኑ እየታየ ይሳላል፤ ክፉው በጎን፣ ባንድ ዓይኑ» አሉ። አባባላቸው ትክክል ነው። እንዲህ ያለው ሥዕል ሰውየውን እንደ ፎቶግራፍ አያስመስለውም፤ ያየው ሰው ልብ ውስጥ የቀረውን ነው የሚያሳየው። ልጅ ደግሞ የሚፈራውን ሰው የሚያየው በዚሁ ዓይን ነው። ፊልሙ በእውነተኛ ተዋንያን ተሠርቶ ቢሆን ኖሮ የሪቨርዴል ፓርክ ሰዎች የኢራንን ችግር አይተው፣ ከንፈር መጠው፣ ቡናቸውን ጠጥተው ይለያዩ ነበር። የተሳለው ፊት ግን የኢራናዊ ብቻ አልሆነም።

ነገሩን ነገር ያደረገው ሌላም አለ። ፊልሙ በፈረንሳይኛ ይናገራል፤ እንግሊዝኛው ከሥር ይጻፋል። ጽሑፉ ቶሎ ቶሎ ስለሚያልፍ፣ እናትየውም መነጽራቸውን መኪና ውስጥ ስለረሱ ልጅቷ በአማርኛ ማስተርጐም ጀመረች። እዚህ አገር የተወለደች ልጅ አማርኛ የወጥ ቤት አማርኛ ነው፤ «ብዪ»፣ «ጠጪ»፣ «እደሪ»፣ «እግዜር ይስጥልኝ» ይበቃዋል። ስለ እስር ቤትና ስለ ስለላ ለማስተርጐም አይበቃም። እናም በየመካከሉ ቃል ሲያጥራት እናቷን ትጠይቃለች፤ እናትየውም ዓይናቸውን ከፊልሙ ሳይነቅሉ ቃሉን ያቀብሏታል። «መንገድ ላይ የሚፈትሹት?» «አሰሳ።» «ማታ መውጣት የሚከለከለው?» «ሰዓት እላፊ።» «ለጦርነት ልጆቹን በግድ ሲወስዷቸው?» «አፈሳ።» ልጅቷ ቆይታ፣ ቃላቱ ያለ ማሰብ ከእናቷ አፍ ሲወጡ ሰምታ ዘወር ብላ አየቻቸው። እናቷ እነዚህን ቃላት ያውቃሉ ብላ አስባ አታውቅም ነበር።

የሳቁበትም አለ፤ አይካድም። የማርጃን አያት በየማለዳው የጃስሚን አበባ ቀጥፈው ጡት መያዣቸው ውስጥ ይከታሉ፤ ልብሳቸውን ሲያወልቁ አበባው እየረገፈ ቤቱን ያውደዋል። የባልየው እህት «የእኔ እናት ጉያዋ ውስጥ የነበረው ብርና የቤት ቁልፍ ነው፤ እሱም ቢሆን ይሸት ነበር» ብለው ሁሉንም አሳቁ። አያትየዋ የፊልሙ ምሰሶ ናቸው። የልጅ ልጃቸው ስትዋሽ ይገሥጿታል፣ ስትፈራ ያፍሩባታል፣ ስታለቅስ ያቅፏታል። ሐበሻ አያት ያየ ሰው ኢራናዊቷን አያት አይጠፉበትም።

ከዚያ ሣቁ ቆመ።

ሻሁ ከወረዱ በኋላ በሰፈሩ ልጆች ዘንድ አንድ ወሬ ይናፈሳል። የአንዱ ልጅ አባት በሻሁ የስለላ ድርጅት በሳቫክ ይሠራ ነበርና ሰው ገድሏል ይባላል። ማርጃንና ጓደኞቿ በጣቶቻቸው መካከል ሚስማር ይዘው ልጁን ሊወጉት ያሳድዱታል። እናቷ ትቆጣታለች። በፊልሙ ውስጥ አጭር ቦታ ነው፤ ሌላው ሰው ወዲያው ይረሳዋል። ጎረቤትየው ግን ሲኒያቸውን አስቀምጠው «ያ ልጅ እኔ ነበርኩ» አሉ።

የጎረቤትየው አባት በጉለሌ አካባቢ የአንድ ቀበሌ ሊቀመንበር ነበሩ። ቀበሌ የተቋቋመው በ1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ሲወረስ ነው። ሊቀመንበሮቹ በመጀመሪያ የሰፈሩ ሰው የመረጣቸው፣ የቤት ኪራይ የሚሰበስቡ፣ የሸማቾች ሱቅ የሚከፍቱ ነበሩ። በኋላ ጠመንጃ መጣ። በመስከረም 1969 ዓ.ም. በሻለቃ መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ላይ የግድያ ሙከራ ከተደረገ ወዲህ የኢሕአፓ የከተማ ታጣቂዎች የቀበሌ ሹሞችንና የመኢሶን ሰዎችን መግደል ጀመሩ፤ ደርግ ይህን «ነጭ ሽብር» ብሎ ሰየመው። ለሱ መልስ ነው ያለውን ደግሞ «ቀይ ሽብር» አለው፤ መልሱ ከጥያቄው በብዙ እጥፍ ያለፈ መሆኑን ግን አዲስ አበባ የነበረ ሁሉ ያውቃል። የጎረቤትየው አባት በጥር ወር 1969 ማታ ቤታቸው በር ላይ በጥይት ተመተው ሞቱ። ልጃቸው አሥራ አንድ ዓመቱ ነበር።

«የቀበሌው ሰዎች በሰልፍ ቀበሩት፤ ባነር ይዘው፣ እየፎከሩ። እኔ በማግሥቱ ትምህርት ቤት ስሄድ ልጆቹ አላናገሩኝም። አብሮኝ የሚቀመጠው ልጅ ወንበር ቀየረ። ከዚያ ድንጋይ መጣ። የባንዳ ልጅ ይሉኝ ነበር» አሉ። በነጋታው የሚወረውሩት ልጆች ወንድሞች ደግሞ በየተራ መታፈስ ጀመሩ፤ ያን ጊዜ ሰፈሩ በእሳቸው ቤተ ሰብ ላይ ይበልጥ ጠቆረ። አባታቸው ሰው አስገድለዋል ወይስ አላስገደሉም? ጎረቤትየው እስከ ዛሬ አያውቁም። እናታቸውን ጠይቀው አያውቁም፤ እናታቸውም ሳይናገሩ አርፈዋል። ልጅየው አድጎ በ1970ዎቹ በሱዳን በኩል በእግሩ ወጣ፤ ካርቱም ቆይቶ በስደተኛነት ዋሽንግተን ገባ፤ አርባ ዓመት ሊሞላው በተቃረበ ዘመን ታክሲ ሲነዳ ኋላ ለተቀመጠው ሐበሻ ሁሉ «የየት ሰፈር ልጅ ነህ?» ሲባል «መርካቶ» እያለ ኖረ።

የቤቱ እናት አንድ ቃል አልተናገሩም። ልጅቷ ፊልሙን ላቁመው ወይ ብትል «ተይው ይሂድ» አሏት።

ቀጥሎ የሚመጣው የአጎቷ የአኑሽ ታሪክ ነው። አጎትየው በሻሁ ዘመን ታስረው የተፈቱ ኮሚኒስት ናቸው። ትንሿን ልጅ ጭናቸው ላይ አስቀምጠው የደረሰባቸውን ሁሉ ይነግሯታል፤ ልጅ ናት ብለው አይሸሽጓትም። ቀጥሎ አብዮቱ ራሱ መልሶ ያስራቸዋል። ከመገደላቸው በፊት አንድ ሰው ብቻ እንዲጠይቃቸው ሲፈቀድ ልጅቷን ያስጠራሉ፤ በእስር ቤቱ ዳቦ ቀርጸው የሠሩትን ትንሽ የዳቦ ወፍ ይሰጧታል። ልጅቷ በአማርኛ «ከዚያ ገደሉት» ብላ አስተረጐመች። እናትየው «ረሸኑት ነው የሚባለው» ብለው አረሟት። ጥቂት ቆይተው ደግሞ እንዲህ አሉ፦ «እሷስ ዕድለኛ ናት። ገብታ አይታዋለች።»

እናትየው የተወለዱት በ1961 ዓ.ም. ነው፤ ከደራሲዋ ከሳትራፒ ጋር እኩያ መሆናቸው ነው። በ1970 ዓ.ም. ልደታ ሰፈር የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበሩ። የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ወንድማቸው ከቤት ተወስዶ በአንድ የቀበሌ እስር ቤት ነበር። ስንቅ የሚያቀብሉት እሳቸው ናቸው። ያን ጊዜ በብዙ ቤት ስንቅ የሚልኩት ሕፃናትን ነው፤ ትልቅ ሰው ከሄደ ተጠይቆ እዚያው ሊቀር ይችላል፤ ሕፃን ግን ማንም ልብ አይለውም። ዕቃው ገብቶ ባዶው ሲመለስ ቤተ ሰብ «አለ» ማለት ነው። ከዚህ ሌላ ማስረጃ አይሰጥም። አልተጠራም፣ አልተከሰሰም፣ ችሎት የለም፤ ሕይወቱ የሚታወቀው በምሳ ዕቃው ነው። ልጅቷ «ስንቅ» የሚባለው መንገደኛ የሚይዘው ምግብ ብቻ ይመስላት ነበር።

አንድ ረቡዕ ጠባቂው ምሳ ዕቃውን ሳይቀበል «ከእንግዲህ አታምጪ፤ አያስፈልገውም» ብሎ መለሳቸው። የዘጠኝ ዓመቷ ልጅ ነገሩ ገብቷታል። በዚያ ሰሞን ይህ አነጋገር የማይገባው የአዲስ አበባ ሕፃን አልነበረም። ወደ ቤት ግን አልሄደችም። ወደ ልደታ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ሄዳ እንጀራውን ለየኔ ቢጤዎች ሰጠች፤ ቦኖ ውሃ ላይ ዕቃውን አጠበች፤ ለእናቷ ባዶውን አስረከበች። «ተቀበለ?» «አዎ።» ሐሙስም ዓርብም እንዲሁ አደረገች። ቅዳሜ እናቷ ራሳቸው ይዘው ሄዱና ሰሙ። ሬሳ አልተሰጣቸውም። ማልቀስም አልተፈቀደም። የቀበሌው ሰው በር ላይ ቆሞ ለቅሶ እንዳይሰማ አስጠነቀቀ። እናት ልብስ አፋቸው ውስጥ ጐስጉሰው ነበር ያለቀሱት።

ይህን ታሪክ ባለቤታቸው እንኳ አያውቁም ነበር። የባልየው እህት «ሦስት ቀን ለድሃ ያበላሽው ተዝካሩ ነው፤ ሳታውቂ አወጣሽለት» ብለው ማጽናናት ሞከሩ። እናትየው መልስ አልሰጡም። ፊልሙ የዚያን ዕለት አላለቀም። ልጅቷ አጠፋችው።

እዚህ ላይ ቆም ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። የኢራኗ ልጅ ቤተ ሰብ ለልጃቸው ሁሉንም ነገሩ፤ አጎቱ ነገሩ፣ አባት ነገሩ፣ አያት ነገሩ። ሐበሻው ለምን ዝም አለ? ብዙ ጊዜ መልሱ «ባህላችን ነው፤ ሐበሻ ምስጢረኛ ነው» የሚል ነው። ይህ ግን እኩሌታው ብቻ ነው። በ1969ና በ1970 ዝም ማለት ባህል ሳይሆን እውቀት ነበር። ሕፃን ያወቀውን ቀበሌ ሊጠይቀው ይችላል። «ወንድምሽ ማታ ከማን ጋር ነበር? አባትሽ የሚሰሙት ሬዲዮ የትኛው ነው?» ወላጆች ለልጆቻቸው አለመንገር የልጆቹን ነፍስ ማዳኛ ነበር። ፎቶግራፍ የተቀደደው፣ መጽሐፍና ወረቀት ሌሊት በምድጃ የተቃጠለው፣ የሞተው ልጅ ስም ከቤት የወጣው ለዚሁ ነው። ነገሩ የተበላሸው በኋላ ነው። ደርግ በ1983 ወደቀ፤ ቀበሌው ቀረ፤ ሰው ባሕር ተሻገረ፤ ዝምታው ግን ሻንጣ ውስጥ ከበርበሬውና ከሽሮው ጋር አብሮ መጣ። ሪቨርዴል ፓርክ ውስጥ በር የሚያንኳኳ አብዮት ጠባቂ የለም። ሆኖም እናቶች ልጆቻቸው ሲገቡ አሁንም ወሬያቸውን ያቋርጣሉ።

የዝምታው ሁለተኛ ምክንያት ግን ከዚህ ይከብዳል፤ ስለሱም በምግብ ቤት ጠረጴዛ ላይ ብዙ አይወራም። በዋሽንግተን ዙሪያ የገዳይም የሟችም ወገን አብሮ ይኖራል። በአንድ ቤተ ክርስቲያን ያስቀድሳል፣ በአንድ እድር ይቀብራል፣ በአንድ እቁብ ይጥላል፣ ዘጠነኛው መንገድ አጠገብ በነበሩት ምግብ ቤቶችም ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ ባሉትም ጎን ለጎን ተቀምጦ ክትፎ ይበላል። ማን ምን እንደ ነበረ አለመጠየቅ የጨዋነት ደንብ ሆኗል። ደንቡ ሰላም አስገኝቷል፤ ያንን ማቃለል አይገባም። ዋጋም አስከፍሏል።

ደንቡን የጣሰች አንዲት ሴት ብቻ ናት ስሟ በሰፊው የታወቀው። እጅጋየሁ ታዬ በአትላንታ አንድ ሆቴል ውስጥ አስተናጋጅ ሆና ትሠራ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ በዚያው ሆቴል የእንግዳ ሻንጣ የሚሸከመውን ሰው ስታይ ታውቀዋለች። ቀልቤሳ ነገዎ ይባላል፤ በቀይ ሽብር ጊዜ በአዲስ አበባ የከፍተኛ 9 ሊቀመንበር የነበረና ያሰቃያት ሰው ነው። ዝም አላለችም። ሌሎች ሁለት ሴቶች፣ ሒሩት አበበ ጅሪና ኤልሳቤጥ ደምሴ፣ አብረዋት ቆሙ። በ1990 እ.ኤ.አ. ከሰሱት፤ በ1993 የአትላንታ ፌዴራል ፍርድ ቤት ለእያንዳንዳቸው 500 ሺሕ ዶላር እንዲከፍል ፈረደበት፤ በ1996 ይግባኙ ውድቅ ሆነ፤ በ2006 ሰውየው ወደ ኢትዮጵያ ተባረረ። በዚያው ዓመት መጨረሻ መንግሥቱ ኃይለ ማርያም በሌለበት በዘር ማጥፋት ወንጀል ጥፋተኛ ተባለ። ሦስቱ ሴቶች የጠየቁት ገንዘብ አልነበረም ቢባል ስሕተት አይሆንም፤ ሻንጣ ተሸካሚ ከየት መጥቶ ያን ያህል ይከፍላል? ፍርድ ቤት ቆመው የደረሰባቸውን በስሙ ተናገሩት፤ በዳኛ ፊትም ተጻፈ።

እንዲህ ያለ ነገር ሲነሣ «የተጻፈ መጽሐፍ ሞልቶ የለ?» የሚል አይጠፋም። አለ። የክፍሉ ታደሰ «ያ ትውልድ» አለ። ሕይወት ተፈራ በ2012 እ.ኤ.አ. ያወጣችው የሕይወት ታሪክ አለ። ማዛ መንግሥቴ በ2010 ስለዚያ ዘመን ልብ ወለድ አሳትማለች። ዲናው መንግሥቱ በ2007 ባወጣው መጽሐፍ ከቀይ ሽብር ሸሽቶ በዋሽንግተን ሎጋን ሰርክል ትንሽ ሱቅ ስለ ከፈተ ሰው ጽፏል። ነጋ መዝለቂያ ጅጅጋ ስላሳለፈው የልጅነት ዘመን ጽፎ በ2000 በካናዳ ትልቅ ሽልማት አግኝቷል። የፕሮፌሰር ኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» በ2008 በቬኒስ ተሸልሟል፤ ኃይሌና ባለቤታቸው በጆርጂያ አቬኑ ከሃዋርድ ዩኒቨርስቲ ፊት ለፊት የከፈቱት «ሳንኮፋ» የመጻሕፍት መደብርም ከሪቨርዴል ፓርክ ሩቅ አይደለም። ችግሩ የመደርደሪያው ነው። እናቶች የሚያነቡት በአማርኛ ነው፤ ከላይ ከተቆጠሩት አብዛኞቹ ደግሞ በእንግሊዝኛ የተጻፉ ናቸው። ልጆች የሚያነቡት በእንግሊዝኛ ነው፤ «ያ ትውልድ» ደግሞ ለብዙዎቹ ልጆች ፊደሉም አይከፈትላቸውም። በአንድ ቤት ሁለት መደርደሪያ አለ፤ ማንም የሌላውን አያወርድም። በዚያ ላይ የአማርኛዎቹ አብዛኞቹ የታጋዮች ታሪክ ናቸው፤ ማን መስመር ሳተ፣ ማን ከዳ፣ የትኛው ስብሰባ የት ተደረገ ይላሉ። ስንቅ ያመላለሰችው የዘጠኝ ዓመት ልጅ እዚያ ውስጥ ራሷን ፈልጋ አታገኝም። ማርጃን ሳትራፒን ልዩ ያደረጋት የጀግና ታሪክ አለመጻፏ ነው። ሚስማር ይዛ ሰው ያሳደደች ልጅ መሆኗንም አልደበቀችም።

በሚቀጥለው እሑድ አራቱም ተሰብስበው ቀሪውን አዩ። ሁለተኛው ክፍል ስለ ስደት ነው። ወላጆቿ ማርጃንን በአሥራ አራት ዓመቷ ብቻዋን ወደ ቪየና ይልኳታል። አንድ ማታ ከየት እንደመጣች ስትጠየቅ አፍራ «ፈረንሳዊት ነኝ» ትላለች፤ ያን ጊዜ የአያቷ ድምፅ ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ ይገሥጻታል። ልጅቷ እዚያ ላይ ማስተርጐም ተወችና ሣቀች። እሷም ሁለተኛ ደረጃ ሳለች ስሟን ለማሳጠር ብላ ምን ትል እንደነበር እናቷ ያውቃሉ። የባልየው እህት ግን ይህን ክፍል አልወደዱትም። «ሲጋራው በዛ፤ ወንዱም በዛ» አሉ። ቪየና የምትላክ ልጅ የሀብታም ልጅ ናት፤ የደሃ ልጅ በመተማ በረሃ ነው የሚሄደው ሲሉም ጨመሩ፤ በዚህ ጎረቤትየውም ተስማሙ። ልክ ናቸው። በፊልሙ ውስጥም የቤት ሠራተኛዋ ልጅ ነው «ብትሞት ገነት ትገባበታለህ» ተብሎ የፕላስቲክ ቁልፍ ተሰጥቶት ወደ ጦር ግንባር የሚጠራው፤ የማርጃን ቤተ ሰብ ልጆች አይደሉም። በአገር ቤትም አፈሳ የሚመጣው ወደ የትኛው ሰፈር እንደነበር ያየ ያውቃል።

ቡናው ሦስተኛ ላይ ሲደርስ እናትየው ጎረቤታቸውን ቀስ ብለው «የእርስዎ አባት ጉለሌ ነበር ያሉኝ?» አሏቸው። አዎ አሉ። «ወንድሜ ልደታ ነው የነበረው። ጉለሌ ምንም ሥራ አልነበረውም።» ይህን ሲሉ ድምፃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ሳምንቱን ሙሉ ሲያሰላስሉት እንደከረሙ ያስታውቃል። ጎረቤትየው ለጥቂት ጊዜ ዝም አሉና «የእሱ ጓደኞች ቢሆኑስ ምን ለውጥ አለው፣ እህቴ? እሱን የወሰዱትስ የአባቴ ጓደኞች ቢሆኑ?» አሏቸው። ሁለቱ በአንድ ሕንፃ ውስጥ አሥራ አራት ዓመት ቡና አብረው ጠጥተዋል።

ልጅቷ ለትምህርት ቤቷ የምትጽፈውን ጽፋለች። ጽሑፉ ስለ ፊልሙ ጥቂት፣ ስለ አጎቷ ብዙ ነው። «ነፃ እርምጃ» የሚለውን ቃል ወደ እንግሊዝኛ ለመመለስ ተቸግራ ነበር፤ ነፃ ሲባል መልካም ነገር መስሏት ለምን እንዲህ እንደተባለ እናቷን ጠየቀቻቸው። እርምጃው ሕግም፣ ዳኛም፣ ጠያቂም የሌለበት በመሆኑ ነው፤ ነፃ የሆነው ገዳዩ ነው ተብሎ ተነገራት። እናትየው አንድ ነገር ብቻ ከለከሏት፤ የወንድማቸውን ስም እንዳትጽፍ። ምክንያታቸው ፖለቲካ አይደለም። የሟቹ እናት፣ ማለት የልጅቷ አያት፣ ዘጠና ዓመት ሊሞላቸው ተቃርቦ አዲስ አበባ በሕይወት አሉ። የልጃቸውን ሞት የሰሙት ቅዳሜ ነው ብለው ያምናሉ። ልጃቸው ከረቡዕ ጀምሮ አውቃ ሦስት ቀን እንደዋሸቻቸው አያውቁም።

በዚህ ላይ ቤቱ ተከፋፍሎ ነበር። የባልየው እህት «ባልቴቷን በመጨረሻ ዘመናቸው ምን ታስለቅሻቸዋለሽ? ከአንቺ ጋር ይቅር» አሉ። ልጅቷ ይነገራቸው ባይ ናት። ጎረቤትየው ግን አስተያየት ከመስጠት ይልቅ ጥያቄ ጠየቁ። ከረቡዕ በፊት ምሳ ዕቃው ከእስር ቤት ሲመለስ ታጥቦ ነበር ወይስ እንደቆሸሸ? እናትየው አሰቡ። እንደቆሸሸ ነበር፤ ወጡ ደርቆበት። እስር ቤት ውስጥ ማን ያጥባል? እናቴ ነበረች ቤት ስደርስ የምታጥበው።

«ያን ሦስት ቀንስ?»

«እኔ ቦኖ ላይ አጥቤው ነበር።»

ጎረቤትየው ሌላ አልጨመሩም። እናትየው ለትንሣኤ አዲስ አበባ ለመሄድ ትኬት ቆርጠዋል፤ ልጅቷም ፈተናዋን እንደጨረሰች ትከተላቸዋለች።